«ለሰላም ስል እሺ ልበለውና ከከተማ እንውጣ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ትዳር ከመሠረትኩ 15 ዓመት ሆኖኛል። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ ከዚህ ትልቅ ከተማ ወጥተን ታላቅ ወንድሙ ባለበት ትንሽ የገጠር ከተማ እንኑር ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ባለፈው የእረፍት ጊዜ ሁላችንም እዚያ ሰንብተን ነበር። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ጸጥ ያለ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ ነበር የሚውሉት። ከዚያ ወዲህ ግን እሱ ሌላ ወሬ የለውም። እኔ በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ፣ እዚያ የሚሆነኝ ሥራ አላየሁም። እናቴ አርጅታለች፤ የምትኖረው እኛው አጠገብ ነው። ልጄም «ጓደኞቼን ትቼ አልሄድም» ብላ አልቅሳለች። ወሬው በተነሳ ቁጥር እንጣላለን። በጣም ደክሞኛል። ለሰላም ስል እሺ ልበለውና ልገላገል እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ያሳሰበኝ ከተማው ወይም ገጠሩ አይደለም። «እሺ ልበለውና ልገላገል» ያልሽው ነው። ብትሄዱም ጥሩ ኑሮ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ብትቀሩም እንደዚያው። ሳታምኚበት፣ ጭቅጭቁ ስለሰለቸሽ ብቻ የምትሰጪው እሺታ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው። እባክሽ አሁን እሺ አትበዪ። እምቢም አትበዪ።

ሄዳችሁ እንበል። አዲስ ቦታ የመጀመሪያዎቹ ወራት ለማንም ይከብዳሉ። ልጅ ሲታመም፣ ሥራ ስታጪ፣ ሆድሽ ያለውን የምታጫውችው ሰው ሲናፍቅሽ፣ ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ይሆናል። በአፍሽ ባትዪው እንኳ ፊትሽ ላይ ይነበባል። እሱም ይጎዳል። ቦታው እንዳሰበው ባይሆንለት ደፍሮ አይነግርሽም። «እኔ ነኝ የጎተትኳቸው» ብሎ ውጦት ይቀራል። ሁለታችሁም ይከፋችኋል፣ አንዳችሁም አትናገሩም። በሥራዬ ከጩኸት ይልቅ የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ዝምታ ነው።

በዚህ ጉዳይ ደጋግማችሁ መጣላታችሁ ግን ትዳራችሁ ታሟል ማለት አይደለም። ጆን ጎትማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ባለትዳሮችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሎ አጥንቷል። ባልና ሚስት ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ አንድ ጊዜ ተፈትተው የሚዘጉ አይደሉም ይላል። ከባሕርይና ከፍላጎት ልዩነት የሚመጡ ናቸው። እሱ እንደሚለው፣ ሰው አቋሙ ላይ ድርቅ ሲል ከአቋሙ ጀርባ ያልተነገረ ሕልም ይኖራል። ባለቤትሽ «እንሂድ» ሲል ምን እያለ እንደሆነ በደንብ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የእሱን ጥያቄ ጽፈሽልኛል፣ ምክንያቱን ግን አልጻፍሽልኝም።

ምክንያቱ ደግሞ መልሱን ይቀይረዋል። ከወንድሙ ጋር ተራርቆ ማርጀት አልፈልግም እያለ ይሆን? ልጆቹ ሲያድጉ ማየት ፈልጎ፣ ማታ ደክሞ ሲገባ ተኝተው እያገኛቸው ይሆን? ወይስ ያንገሸገሸው አለቃው ነው? አለቃው ከሆነ ሥራ መቀየር አገር ከመቀየር ይቀላል። መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓትም ሊሆን ይችላል። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍሬይ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በጀርመን የተሰበሰበ መረጃ ሲመረምሩ፣ ወደ ሥራ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። የእሱም ጉዳይ ይሄ ከሆነ አሁን ባላችሁበት ከተማ ውስጥ ለሥራው ወደሚቀርብ ሰፈር መግባት ትልቁን ሸክም ሊያቀልለት ይችላል። ሁለታችሁም እስካሁን ያላነሳችሁት መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልጠይቅሽ። እንቅልፉ እንዴት ነው? ድሮ ደስ የሚለው ነገር አሁንም ደስ ይለዋል? አብዛኛውን ቀን የሚከፋው፣ ምንም ነገር የማያጓጓው፣ አቅም የሚያንሰው ከሆነና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። በድብርት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉን ትቶ መሄድ ሊያምረው ይችላል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። ስለ ቤት መቀየር የምታወሩት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ እረፍቱ ልምጣ። በእረፍት ያያችሁት ቦታ የምትኖሩበትን ቦታ አይነግራችሁም። በ1998 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንኤል ካህነማን ከባልደረባው ጋር በሠራው ጥናት በካሊፎርኒያና በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የሚማሩ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ሁለቱም ወገኖች «የካሊፎርኒያ ልጆች በኑሯቸው የበለጠ ይረካሉ» ብለው ገመቱ። ስለ ራሳቸው ኑሮ ሲጠየቁ ግን ልዩነት አልነበራቸውም። ሰው ስለ አንድ ቦታ ሲያስብ ዓይኑ የሚያርፈው በሚለየው ነገር ላይ ነው፣ ለምሳሌ በአየሩ። የዕለት ኑሮ ግን በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው። ልጅ ቀስቅሶ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ልብስ ማጠብ፣ የቤት ሥራ ማሠራት፣ ደክሞ መግባት። እነዚህ ጸጥ ባለ ቦታም ይከተሏችኋል።

ይሄ ለእሱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ያንቺም ፍርሃት እንደዚያው ነው። አንቺ ደግሞ የምታጪውን ብቻ ነው የምታዪው። ሰው ከአዲስ ነገር ጋር የመላመድ አቅሙ ራሱ ከሚገምተው በላይ ነው።

ስለዚህ ቦታውን በተለመደ የሥራ ሳምንት እዩት። ከተቻለ ደስ በማይለው ወቅት፣ ዝናቡ ወይም ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ። እንግዳ ሆናችሁ ወንድሙ ቤት አትረፉ። የራሳችሁን ክፍል ተከራዩና ራሳችሁ አብስላችሁ ብሉ። ትምህርት ቤቱን ግቡበት። ክሊኒኩ ማታ ይሠራ እንደሆነ፣ ትልቁ ሆስፒታል በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ጠይቁ። ኢንተርኔቱን ሞክሪው፣ ምክንያቱም የሒሳብ ሥራ በርቀት ሊሠራ ይችላል። መሥሪያ ቤትሽን ስለዚህ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ከተማ ኖሮ እዚያ የገባን ሰው፣ በተለይ ሴት፣ ፈልገሽ አነጋግሪ። ሞክራ የተመለሰች ካለች ደግሞ እሷን አስቀድሚ።

አሁን የምነግርሽን ለባለቤትሽ ብታነቢለት ደስ ይለኛል። ይህ ጉዞ ለሁለታችሁ እኩል አይደለም። እሱ ወደ ወንድሙ ነው የሚሄደው። አንቺ ግን ወደ ማያውቁሽ ሰዎች። በትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ይህ ሲቸግርሽ ትልቅ ጸጋ ነው፣ የሚደርስልሽ ሰው አታጪም። ግን ገበናሽን የሚደብቅልሽ ግርግርም የለም። መጀመሪያ የምትታወቂው በራስሽ ስም አይደለም፣ የእሱ ወንድም ዘመድ ተብለሽ ነው። ከባልሽ ስትጣዪ የምታወሪው የባልሽን ቤተሰብ ይሆናል። ጓደኛ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ገምቷል። ይህን ሰዓት ለብዙ ሰው የሚሰጠው ሥራ ቦታ ነው። ሥራሽን ትተሽ ከሄድሽ የምታጪው ደመወዝ ብቻ አይደለም፣ ጓደኛ የምታፈሪበትንም ቦታ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ሥራሽ መልስ ሳያገኝ ዕቃ አትጠቅልሉ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ በ13 ዓመት ጓደኛ ማለት ዓለም ነው። ለቅሶዋን ቅብጠት አታድርጉት። ሺጌሂሮ ኦይሺና ኡልሪክ ሺማክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ በልጅነታቸው ብዙ ጊዜ ቤት የቀየሩ ሰዎች፣ በተለይ ዝምተኞቹ፣ አዋቂ ሲሆኑ በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ግን ስለ ተደጋጋሚ መንከራተት ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ታስቦበት የሚደረግ ለውጥ እንደዚያ አይታይም። መሄድ አለመሄዱን እሷ ትወስን አልልም፣ ለአንዲት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። መቼና እንዴት በሚለው ላይ ግን ድምፅ ይኑራት። የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ እንዳታነሷት። ትንሹ ልጃችሁ እናንተ ከተረጋጋችሁ ይረጋጋል፣ ለእሱ ብዙም አትጨነቂ።

ስለ እናትሽ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። እሷን ጠይቀሻታል? ብዙ ልጆች በወላጆቻቸው ስም ይፈራሉ፣ ወላጆቹን ግን አይጠይቋቸውም። ምናልባት «ሂዱ፣ እኔን አታስቡ» ትልሽ ይሆናል። ያን ጊዜም ቃሏን ብቻ ሳይሆን ስትታመም ማን እንደሚደርስላት አብራችሁ በስም ቁጠሩ። የሚቆጠር ሰው ከሌለ እሱ ራሱ መልስ ነው።

እንግዲህ ከባለቤትሽ ጋር እንዴት ትነጋገሩ? ደክሟችሁ ማታ አልጋ ላይ አታንሱት። ቀን ቅጠሩ። ጎትማን እንደሚለው የክርክር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች መጨረሻውን ብዙ ጊዜ ይናገራሉ። «ደግሞ ጀመረህ?» ብለሽ ከጀመርሽ እዚያው አለቀ። እንዲህ ብትዪው ምን ይመስልሻል፦ «እስካሁን ስከራከርህ እንጂ ስሰማህ አልነበርኩም። እዚያ ሄደን አንድ ተራ ሰኞ ቀን ምን እየሆንን ይታይሃል? ንገረኝ፣ አላቋርጥህም።» ከዚያ በእርግጥም አታቋርጪው። ልክ ነህም፣ ተሳስተሃልም አትበይው። መልስ የምትሰጪው በሌላ ቀን ነው፣ ያን ቀን ደግሞ እሱ ዝም ብሎ ይስማ። አንቺም ስትናገሪ ሥራንና እናትን ብቻ አትጥሪ። የምትፈሪውን ንገሪው። «በአንተ እጅ ብቻ የቆምኩ ሰው እንዳልሆን እፈራለሁ» የሚል ነገር ካለ አፍ አውጥተሽ ተናገሪው።

ሁለታችሁም ወደ መሄዱ ካዘነበላችሁ ቤታችሁን አትሽጡ፣ አከራዩት። መሥሪያ ቤትሽ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ጠይቂ። ሳትሄዱ በፊት ደግሞ መቼ ተቀምጣችሁ እንደምትገመግሙና ምን ከሆነ እንደምትመለሱ በወረቀት ላይ ጻፉት። በኋላ ሲከፋሽ «እንዲህ ተባብለን ነበር» ብለሽ የምታወጪው ነገር ይኑርሽ።

ተነጋግራችሁም ካልተስማማችሁ ለጊዜው ቅሩ እላለሁ። ለመሄድ የሁለት ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለቆ፣ ልጅ ነቅሎ የሄደ ሰው እንደ ነበረው መመለስ ይከብደዋል። መቅረት ግን አንቺ አሸነፍሽ ማለት አይደለም። የነገረሽን ሕልም ይዘሽ «ከዚህ ውስጥ የቱን እዚሁ ማግኘት እንችላለን?» ብለሽ አብረሽው ሥሪበት። ወንድሙን አዘውትሮ መጠየቅ፣ የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ ሰፈር መቀየር፣ የልጆችን እረፍት እዚያ ማሳለፍ፣ ሁሉም ይቻላል። ጉዳዩን ከዓመት በኋላ እንደገና ለማንሳትም ቃል ግቢለት።

በራሳችሁ መነጋገር ካቃታችሁ አብራችሁ ወደ ጋብቻ አማካሪ ሂዱ። ታላቅ ወንድሙን ግን አስታራቂ አታድርጉት፣ እናትሽንም እንደዚያው። ሁለቱም ይወዷችኋል፤ ግን አንዱ እንድትመጡለት፣ ሌላዋ እንዳትርቋት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው።