«ኦቲዝም ያለበት» ወይስ «ኦቲዝም ያለው»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ስለ ኦቲዝም መጠይቅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «የኦቲዝም ተጠቂ» በል ይለኛል፤ ሌላው «ኦቲዝም ያለበት»። አማካሪዬ ደግሞ «ኦቲስቲክ ብለህ እለፈው» አሉኝ። ረቂቁን ልኬልሃለሁ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ «ተጠቂ»ን በቶሎ እንሸኘው። ተጠቂ ካለ አጥቂ አለ። ኦቲዝም ግን ከደጅ መጥቶ የሚይዝ በሽታ ሳይሆን ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚያድግ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። «ታማሚ»ም በዚሁ ይሂድ።

«ያለበት» ግን ያከራክራል፤ ሁሉም የሚለው እሱን ነውና። «በት» ቦታን ብቻ ሲያመለክት ክፋት የለውም። ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳት ይዞ ይመጣል። ተፈረደለት፣ ተፈረደበት። ገንዘብ አለው፣ ዕዳ አለበት። ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢዋ ውስጥ በርበሬ አስጥታ ገበያ የሄደች ሴት «ዘነበባት» እንላለን፤ የዘራ ገበሬ «ዘነበለት»። ስኳር ያለበት ሻይ ይጠጣል፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን ሐኪም ቤት ይመላለሳል። ስለዚህ «ኦቲዝም ያለበት» የሰዋስው ስህተት የለበትም (አየህ፣ ስህተት ስል ራሷ «በት» ከተፍ አለች)፤ ልጁን ግን ከዕዳና ከበሽታ ተራ ያሰልፈዋል።

ለቡና ወሬ ቢሆን ባልተከራከርኩህ። መጠይቅ ላይ ግን የምትሞላው እናት ገና ጥያቄው ሳይጀመር ፍርዱን ታነባለች። ጎረቤት «ምን ብታደርጊ ነው?» እያለ ያሰለቻት ሴት ናት። በውጭው ዓለምም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ ሐኪሞች ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ቅዝቃዜ ነው ይሉ ነበር። ሐሰት መሆኑ ታውቆ ተጥሏል፤ የስንቷን አንገት ካስደፋ በኋላ!

እና «ኦቲዝም ያለው»፣ «ኦቲዝም ያላት» በል። «ኦቲስቲክ» የሚለውን ኦቲዝም ያላቸው ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ይመርጡታል። ቀፊራ ገበያ ለምትሸጥ እናት ግን የመድኃኒት ስም ሊመስላት ይችላል። ራሱን እንዲያ የሚጠራ ካጋጠመህ ግን እንዳታርመው።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ረቂቅህ ወላጁን «እርስዎ» ይላል፤ ኦቲዝም ያለውን፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆነውን ሰውዬ ግን «ልጁ»። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ይኸው እኛም አንተ እየተባባልን ነው። አቦ፣ ሁሉንም አንተ ካልክ እሺ። አንዱን አንቱ ብለህ ሌላውን ማሙሽ ማድረግ ግን ንቀት ነው።

የፈቃድ ፊርማውም የወላጅ ብቻ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የ10,000 ኦቲዝም ያላቸው ሰዎችን ዲኤንኤ ሊሰበስብ የተነሳ ትልቅ ጥናት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ለጊዜው ቆሟል። «መረጃችን ምን ላይ ሊውል ነው? ቀድሞስ ማን አማከረን?» ብለው የተነሱት ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ያንተ «መረጃው ለጥናት ብቻ ይውላል» ይህን አይመልስም። ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ ጻፍ።

ከዚያ ለሰውየው ለራሱ በአጭሩ፦ «ካልፈለግህ አትመልስ። መሃል ላይም ማቆም ትችላለህ። ማንም አይቆጣህም።» በንግግር የማይግባባ ከሆነ ደግሞ፣ ወረቀቱን ገፋ ካደረገው ወይም ከተነሳ «እምቢ አለ» ብለህ መዝግብ። እናቱ ብትፈርምም።