መልስ፦ በአሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ጭኜ ኤፍቲ8 መሥራት እችላለሁ?

ሰላም ወንድሜ። አዎ፣ አማተር ራዲዮኞች በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት ለሚለዋወጡበት ኤፍቲ8 አሮጌው ላፕቶፕህ ይበቃል። ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ጫንበት። ኤፍቲ8ን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ፣ እዚያው ከሶፍትዌር ማከማቻው ይወርዳል፤ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ኤፍቲ8ን በ2017 ካወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ጆ ቴይለር በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ ሳይንቲስት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ለሁላችንም መክፈቱ ሁሌም ደስ ይለኛል።

«ፖርቱ አይከፈትም ይለኛል» ላልከው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም፣ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ሊኑክስ ኮምፒውተሩ ራዲዮውን የሚያዝበትን የዩኤስቢ ሲሪያል ፖርት ለማንኛውም ተጠቃሚ አይለቅም። የተጠቃሚ ስምህን «ዳያልአውት» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ከሲስተሙ ውጣና እንደገና ግባ። አንዳንዶች ፕሮግራሙን በሩት (በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) አስነሳው ይሉሃል፤ እባክህ አታድርገው።

የራዲዮው ድምፅ እየተሰማህ ስክሪኑ ላይ ምንም መልእክት ካልመጣ ግን መጀመሪያ ሰዓትህን እይ። ኤፍቲ8 በየ15 ሰከንዱ ተራ እየተቀያየረ ስለሚሠራ፣ የኮምፒውተርህ ሰዓት ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ከተዛነፈ አንተ የምትሰማውን ፕሮግራሙ መፍታት ያቅተዋል። ክሮኒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክልልሃል። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ትንሽ የዩኤስቢ ጂፒኤስ ያን ሥራ ይሠራል። የድምፁን መጠን ደግሞ ባንዱ ላይ የጣቢያ ምልክት ሳይኖር ሹሹታ ብቻ ሲሰማ የፕሮግራሙ ሜትር 30 ዲቢ አካባቢ እንዲያሳይ አድርገው።

ለመላክ የመንግሥት ፈቃድ የግድ ነው። እስኪደርስህ ኤፍቲ8 በሚሰማበት 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ እያዳመጥክ ቆይ። የራዲዮህን ሞዴል ጻፍልኝ፣ ፕሮግራሙ ራዲዮውን በሚያዝበት በሃምሊብ ዝርዝር ላይ የትኛውን እንደምትመርጥ እነግርሃለሁ።