የኮስቲክ ሶዳ ሥልጠና በቪአር መነጽር

ጥያቄ፦ ቢሯችን ካዛንቺስ ነው፤ ፋብሪካችን ደግሞ ሳሙና ያመርታል። አዳዲስ ሠራተኞችን የኮስቲክ ሶዳ (ለሳሙና የሚውል፣ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ኬሚካል) አሟሟት በቪአር መነጽር (በኮምፒውተር የተሠራ ቦታ ውስጥ ያሉ የሚያስመስል የዓይን መሣሪያ) ለማሠልጠን አስበናል። በእርግጥ ይጠቅማል? እዚሁ ቢሮ ውስጥ ማካሄድስ ይቻላል?
የሙያ ደህንነት ባለሙያ

መልስ፦ ይጠቅማል፤ ለሁሉም ነገር ግን አይደለም። ቪአር ዋጋውን የሚያወጣው በእውነተኛ ታንክ ላይ ሊለማመዱት ለማይቻል አደጋ ነው። ጓንት አደራረግንና ከረጢት አነሳስን በእሱ ማስተማር ገንዘብ ማባከን ነው።

እናንተ ዘንድ ዋናው አደጋ ሚክሰሩ ሲቆም የሚመጣው ነው። ኮስቲክ ሲሟሟ ከፍተኛ ሙቀት ያወጣል። ሚክሰሩ መቆሙን ሳያስተውል ሠራተኛው ከረጢት መገልበጡን ከቀጠለ ፍሌኩ (ቅርፊት መሰሉ ደረቅ ኮስቲክ) ታንኩ ሥር ይጋገራል። ሚክሰሩ እንደገና ሲነሳ የተጋገረው ባንዴ መሟሟት ይጀምርና ፈሳሹ ፈልቶ በታንኩ አፍ ይተፋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሚክሰራችሁ በራሱ የሚነሳ ከሆነ ከሥልጠናው በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ያንን አስተካክሉ።

ልምምዱ እንዲህ ይሁን፦ ሠልጣኙ ትኩስ ያልሆነ ውሃ ይሞላል፣ ሚክሰሩን ያስነሳል፣ ከዚያ ፍሌኩን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። ኮስቲክ ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ በኮስቲክ ላይ አይፈስም። መሃል ላይ ሶፍትዌሩ ሚክሰሩን ሳያስጠነቅቅ ያቁምበት። ድምፁ መጥፋቱን እስኪያስተውል ስንት ሰከንድ እንደፈጀና እስከዚያ ምን ያህል እንደጨመረ ይመዝገብ። ትክክለኛው እርምጃ መጨመሩን ማቆም፣ ከታንኩ አፍ መራቅና ለፈረቃ ኃላፊው መንገር ነው። ማስነሻውን መልሶ የተጫነ ወድቋል፤ እጅ ሳይታዘዝ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ ይህ ክፍል ተደጋግሞ ይሠራ።

ዝግጁ ሶፍትዌር ስትገዙ ተጠንቀቁ። የእናንተ ቫልቭ በግራ፣ የሶፍትዌሩ በቀኝ ከሆነ ሠራተኛው የሚለማመደው ስህተቱን ነው። የራሳችሁን ታንክ ፎቶና ልኬት ሰጥታችሁ አሠሩ።

የዓይን ማጠቢያን በተመለከተ፣ ስክሪኑን አጨልሞ መንገዱን በዳበሳ እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል። ማጠቢያው በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚደረስበት መሆን አለበት። የዓይን ቆብን በጣት ከፍቶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብን ግን ፋብሪካው ውስጥ፣ በእውነተኛው ውሃ አሠልጥኑ።

ቢሮ ውስጥ ማካሄድ ይቻላል። ለአንድ ሰው 2 በ2 ሜትር ባዶ ወለልና አጠገቡ የሚቆም ረዳት ያስፈልጋል። ከመስታወት ግድግዳ ራቁ፤ የመነጽሩን ካሜራዎች ያሳስታል። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ሌንሱ ላይ ካረፈ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል፤ ሥራ ሲያበቃ መነጽሩ ወዲያው ሽፋኑ ውስጥ ይግባ። ልምምዱን አስቀድማችሁ መነጽሩ ላይ ጫኑት፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል።

ማዞር የሚመጣው ዓይን «ተንቀሳቀስኩ» ሲል፣ በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «ቆሜያለሁ» ስለሚል ነው። ስለዚህ በሶፍትዌሩ ውስጥ እንደ መራመድ ከሚንሸራተት እንቅስቃሴ ይልቅ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘለውን ምረጡ። የመጀመሪያው ዙር ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። ያቅለሸለሸው ሰው ወዲያው ያውልቅ፤ «ይለምደዋል» ብሎ ማስቀጠል ያብስበታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በሌላ መንገድ ይሠልጥን።

ከሁሉ በፊት በእጅ የሚያዘውን የመነጽሩን መቆጣጠሪያ ብቻ የሚለማመዱበት ጊዜ ስጧቸው። አለዚያ የምትመዝኑት የኮስቲክ ዕውቀታቸውን ሳይሆን የአዝራር አጫጫናቸውን ይሆናል። በቪአር ጥሩ ውጤት ያገኘ ሠራተኛም የመጀመሪያውን እውነተኛ ማሟሟት ልምድ ካለው ሰው ጋር ይሥራ።