ዱካክ የሚይዘኝ በኃጢአቴ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሌሊት እነቃለሁ፤ ዓይኔ ያያል፣ ሰውነቴ ግን አልንቀሳቀስ ይላል። አንድ ጥቁር ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ልጮህ ብል ድምፅ የለኝም። ይህ ከጀመረኝ ወዲህ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየጸለይኩ አመሻለሁ፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ኃጢአቴ ይሆን? መቁረብም ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ተኝተሽ ሳትፈቅጂ የመጣብሽ ነገር ኃጢአት አይደለም። ስለ ቁርባኑ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እንጂ ፈርተሽ ብቻሽን አትራቂ።

ዱካክን ሐኪሞች የእንቅልፍ ሽባነት ይሉታል። ብዙ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ይቆልፋቸዋል። ባይቆልፋቸው በሕልማችን ስንሮጥ ከግድግዳ ጋር እንላተም ነበር። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ቁልፉ ግን አልተፈታም። ሕልሙም ገና አላለቀም። መኝታ ቤትሽን እያየሽ ሕልሙ እላዩ ላይ ይደረባል። በዚያ ሰዓት እንደልብሽ አየር መሳብ ስለማትችይ ደረትሽን የተጫነሽ ይመስልሻል። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቅሻል።

ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ይቀሰቅሱታል። ዋናው ግን እንቅልፍ ማጣት ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» ያልሽው ላይ የቆምኩት ለዚህ ነው። ጸሎትሽ አልጎዳሽም፤ ሰዓቱ ነው የጎዳሽ።

ሰይጣን አይፈትንም እያልኩ አይደለም። ግን የእንቅልፍ ችግር ሁሉ መንፈስ እየተባለ ስንቱ ሰው ሕክምና ሳያገኝ ቀርቷል! አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ሃምሳን ያለፈ ወንድ፣ ያ ቁልፍ አይሠራለትም። በሕልሙ ሌባ ሲያባርር አጠገቡ የተኛችውን ሚስቱን በቡጢ ይመታል። ጠዋት ያፍራል፣ ቤተሰቡም ጋኔን ያዘው ይላል። ነገሩ ግን የሚታወቅ የእንቅልፍ ሕመም ነው። አንዳንዴም እጅ ከሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን ከሚያዘገየው ከፓርኪንሰን በሽታ ዓመታት ቀድሞ ስለሚመጣ ቶሎ መታየት አለበት። እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰውም ቅዠት ሊበዛበት ይችላል፤ ሲታከም ብዙ ጊዜ ቅዠቱም ይቀንሳል። ጠጥቶ የሚያድር ደግሞ መጠጡ ከሰውነቱ ሲወጣ ወደ ንጋት ላይ ሲቃዥ ያድራል።

እግዚአብሔር ለዮሴፍም ለዳንኤልም በሕልም ተናግሯል። ሆኖም መጽሐፈ ሲራክ ከልዑል ካልተላከ በቀር ልብህን በሕልም ላይ አትጣል ይላል። ባልተኛ ሰውነት የመጣን ሕልም ፍቺ ፍለጋ መዞር ድካም ነው። ያው ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ብሏል።

ስለዚህ ጸሎትሽን ወደ ማታ አምጪው። መዝሙር 90ን ድገሚ፣ «ከሌሊት ግርማ» የሚለውን፤ ከዚያ በጊዜ ተኚ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በጎንሽ። ሲይዝሽ ለመጮህ አትታገዪ። በልብሽ «አቤቱ ማረኝ» እያልሽ አንድ ጣትሽን ለማንቀሳቀስ ሞክሪ።

ቀን ቀንም ሳታስቢው እንቅልፍ የሚጥልሽ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። ስትሄጂ ያየሽውን ጥቁር ነገር ብቻ አትንገሪው፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኚና የምትወስጂው መድኃኒት ካለም ጭምር ንገሪው።