ሁለት ወር እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ይቻላል ወይ?

ክረምት ሲቃረብ የሚደርሰን ደብዳቤ መልኩ ይለወጣል። የፍቅርና የሥራ ጥያቄው ቀነስ ይልና «አገር ቤት ልሄድ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» የሚለው ይበዛል። ዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ። ሁለቱ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። አንዷ ግን አስተናጋጇ ናት፤ የእሷን ደብዳቤ ሻንጣ እያዘጋጀ ያለ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የድሬው ቤታችን ከተሸጠ ቆይቷል፤ እማዬ ሐረር ወንድሜ ቤት ገብታለች። ዘንድሮ ሐምሌንና ነሐሴን ከልጆቼ ጋር እዚያ ላሳልፍ አስቤያለሁ። ልጆቼ 14 እና 9 ዓመታቸው ነው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከዚህ በፊት የሄድኩት ለአጭር ጊዜ ስለነበር ሆቴል ነበር የማርፈው፤ አሁን እማዬ «ሆቴል ካረፍሽ ዓይንሽን አላይም» ብላለች። ወንድሜ ቤት ግን እነሱ ራሳቸው ከእማዬ ጋር አምስት ናቸው። ሚስቱን በስልክ ሰላም ከማለት ያለፈ አላውቃትም። ወጪውስ? ገንዘብ አውጥቼ ብሰጥ ይከፋቸዋል፣ ዝም ካልኩ ደግሞ ይጎዳሉ። ድሬንም ልጆቼ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ሙቀቱን እንዴት እንደሚችሉት ግን እንጃ። (የድሬ ልጅ)

መልስ፦ እናትሽን ስሚያት፣ ግን ግማሹን ብቻ።

እናት ሆቴል አትረፊ ስትል ጎረቤቱንም እያሰበች ነው። «ልጇ ከአሜሪካ መጥታ ቤቷ አላደረችም» ሊባል ነው። ይሄ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው እደሪ። ፍራሽ ይነጠፍ፣ ልጆቹ ከአጎታቸው ልጆች ጋር ተደባልቀው ይተኙ፣ ይንጫጩ። ከዚያ በኋላ በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ ዕቃ የተሟላለት ክፍል ተከራዪ፤ ማደሪያሽ እሱ ይሁን፣ ቀኑን ግን እነሱ ጋ ዋይ። ለእማዬ ምክንያት ፍለጋ አትጨነቂ። ስምንት ሰው ለአንድ መታጠቢያ ቤት፣ ያውም ውሃ በሚጠፋበት ቀን፣ ምን እንደሚመስል በሳምንቱ ውስጥ እሷ ራሷ ታየዋለች።

ዋናው ጉዳይ ግን እናትሽ ጋ አይደለም፣ የወንድምሽ ሚስት ጋ ነው። የቤቱ እመቤት እሷ ናት። ምጣዱም፣ ልብስ ማጠቡም፣ የሰዉ መውጣትና መግባትም እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ለእሷ ደውዪ፤ በወንድምሽ በኩል ሳይሆን በቀጥታ። ስትደውዪ ደግሞ «ልምጣ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ «ኧረ ምን በወጣሽ፣ ቤትሽ አይደል እንዴ» ብቻ ነው፣ ሆዷ ውስጥ ምንም ይሁን ምን። ይልቅ «ሁለት ወር ልቀመጥ ነው፣ የትኛው ሳምንት ይበዛብሻል? ልጆቹን የት ባስተኛቸው ይቀልሻል?» በያት። ያኔ ቁርጥ ያለ ነገር ትነግርሻለች። እህቷ የምትወልድበትን ሳምንት ወይም የራሷ ልጆች የሚፈተኑበትን ቀን የምትሰሚውም ያኔ ነው።

ገንዘቡንም ለእሷ ነው የምትሰጪው። ለወንድምሽ ከሰጠሽው ወይ ይመልስልሻል፣ ወይ ለሌላ ነገር ይውላል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰው በሌለበት፣ የወር አስቤዛ ብለሽ በብር በእጇ አድርጊ። «ስጦታ» አትበይው። አልቀበልም ካለችሽ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነው፤ ጤፉን በኩንታል፣ ዘይቱን በጄሪካን፣ ከሰሉን በማዳበሪያ አስገቢ። ኩንታል ጤፍ በር ላይ ተራግፎ ውሰጂ የሚልሽ ሰው የለም። የልብስ አጣቢ ክፍያም ካንቺ ይሁን፣ በሁለት ወር ውስጥ የሦስት ሰው ልብስ ቀላል እንዳይመስልሽ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ሂሳቡ ሁሉ ተቀይሯል። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ብዙ ሰው ይህንን ሰምቶ «ዶላሬ በረከተ» ብሎ ይሄዳል። የገበያው ዋጋ ግን አብሮ ነው የወጣው፤ ወንድምሽ ደመወዝተኛ ከሆነ የእሱ በዚያው ልክ አልወጣም። ባለፈው ስትሄጂ «በቂ ነው» ያልሽውን ብር አሁን ይዘሽ አትገኚ።

ወረቀቱን በአጭሩ። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ካለሽ አንቺ ቪዛ አያስፈልግሽም። ልጆችሽ ግን የራሳቸው ቢጫ ካርድ ከሌላቸው ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። በኢንተርኔት ስትሞዪ የ30 ቀንና የ90 ቀን አለ፤ ለሁለት ወር የሚያስፈልግሽ የ90 ቀኑ ነው። ችኮላ ላይ 30ውን ተጭኖ ኋላ ኢሚግሬሽን ደጃፍ የሚቆም ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬ ደግሞ በአውሮፕላን ሂጂ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ የመንገዱንም ነገር ከማሰብ ትገላገያለሽ።

ወሩ ራሱ ጠባይ አለው። ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 26። በዚያ ሰሞን ድሬም ሐረርም አልጋ አይገኝም፣ ትራንስፖርቱም እሳት ነው። እማዬ ስለት ካለባት አብረሻት ውጪ፤ ለእሷ ከሁለት ወሩ ሁሉ ይህቺ አንድ ቀን ልትበልጥባት ትችላለች። የማትሄዱ ከሆነ ግን በዚያ ሳምንት ከቤት አትነቃነቂ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ቤቱ የሚጾም ከሆነ ለልጆችሽ እንቁላልና ሥጋ በእነሱ ድስት አታሠሪ፤ የልጆቹን ምሳ ውጭ አድርጊው። ፈጢራ በእንቁላል በሉ ብሎ የሚቆጣቸው የለም፣ አያታቸው እስካላየች ድረስ።

ድሬን በተመለከተ፣ የቀን ሽርሽር አታድርጊው። ከሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አካባቢ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ሹራብ ያስለብሳል። አወዳይን፣ ደርቆ የተመለሰውን የሐረማያ ሐይቅ አልፈሽ የደንገጎን ቁልቁለት ስትጨርሺ ግን ልጆቹ ራሳቸው ያወልቁታል። አንቺ የምታውቂውን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ ድሬ ከሰዓት ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት መቃሚያ ላይ፣ ነው፣ ባጃጁ እንኳን ይቀንሳል። ከሐረር ረፋድ ላይ ተነስቶ ሰባት ሰዓት ላይ ከተማ ላሳይ ያለ ሰው ለልጆቹ የሚያሳየው የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሌሊት እደሩ። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሂዱ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚራ፣ በዛፎቹ ስር። ለገሃርን፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ፣ አሳያቸው፤ ከተማዋ በ1895 ዓ.ም ገደማ የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ ስለደረሰ ነው፣ ይህንን ታሪክ የ14 ዓመት ልጅ ይወደዋል። አዲሱ የጂቡቲ ባቡር ግን እዚያ አይቆምም፣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው።

የድሮ ቤታችሁን ለማየት ሳትፈልጊ አትቀሪም። ሂጂ፤ ግን መጀመሪያ ብቻሽን። የገዛው ሰው ግቢውን አፍርሶ ሱቅ ሠርቶበት ሊሆን ይችላል። ልጆችሽ ፊት ማልቀስ ካልፈለግሽ አስቀድመሽ እዪው፣ የቤቱን ሰዎችም አስፈቅጂ።

ሁለት ነገር ላይ ግን አልለዝብልሽም። አንደኛው ደቻቱ ነው፣ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ። አሸዋው ደረቅ ነው ብለሽ ልጆች እንዲጫወቱበት አትተዪ፤ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። የ1998ቱ የክረምት ጎርፍ ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል፣ ይሄን ማንም የድሬ ሰው አይረሳውም። ሁለተኛው ትንኝ ነው። «እኛ እዚያው አይደል ያደግነው» አትበዪኝ። ወባን የመቋቋም አቅም ከአገር ርቀው ሲኖሩ ይጠፋል፣ ልጆችሽማ ከመነሻውም የላቸውም። በዚያ ላይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ገብታለች። ይቺ ረግረግ አትፈልግም፣ ሰው ውሃ የሚያጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ይበቃታል፤ በ2014 ዓ.ም ድሬ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያቷ እሷ ነበረች። ቀን ቀን የምትናከሰው የደንጊ ትንኝም አለች። ከጉዞው ወር ቀደም ብለሽ ሐኪም አማክሪ፣ መከላከያውን ያዢ። የምታድሩበት ግቢ ያለውን በርሜልም ክዳኑን አንቺው ግጠሚው።

አማርኛውን ተዪው። አታስተርጉሚላቸው፣ ሱቅ ላኪያቸው። ከአጎታቸው ልጆች ጋር ሳምንት ከዋሉ ይናገራሉ፤ ሰፈሩ ሐረር ስለሆነ መጀመሪያ የሚይዙት የኦሮምኛ ቃል ቢሆን አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ የባሌ ወንድም በየዓመቱ ከስዊድን ይመጣል። ያደጉት ሞጆ ነው፣ አሁን እዚያ የቅርብ ዘመድ ስለሌለ የሚያርፈው ቢሾፍቱ እኛ ጋ ነው። ሦስት ሳምንት ብሎ ጀመረ፣ ዘንድሮ ሁለት ወር ሆነ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲመጣም ባዶ እጁን አይደለም። ግን ሊጠይቀው የሚመጣው ሰው አያልቅም! ጠዋት ቡና፣ ከሰዓት ቡና፣ ማታ እራት። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ከሥራ ስገባ ሳሎኔ ውስጥ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ለባሌ ስነግረው «ታገሺ፣ ይሄዳል» ይለኛል። (የደከማት)

መልስ፦ ባልሽ ልክ ነው፣ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ይመጣል።

ይህንን መናገር ያለበት ባልሽ ነው። አንቺ ከተናገርሽው «የወንድሜ ሚስት አባረረችኝ» ይሆናል፣ ዕድሜ ልክ አይለቅሽም። ባልሽ «ታገሺ» የሚልሽ ደግሞ አንቺ «ሰለቸኝ» ስላልሽው ነው፤ ስልቸታ መፍትሔ የለውም። ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂው። «ሰው የሚመጣው እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ በሌላ ቀን እሱ ወደ እነሱ ይሂድ» በይው። ሞጆ እኮ ሩቅ አይደለም፣ ታክሲ ተሳፍሮ ይደረሳል። የድሮ ጓደኞቹም እውነቱን ብትጠይቂያቸው ቢሾፍቱ ድረስ ጨርቃቸውን ጥለው አይመጡም፤ እሱ ቢሄድላቸው ይመርጣሉ። ደግሞም ሰውየው የናፈቀው ያደገበትን ሰፈር ነው፣ ያንቺን ሳሎን አይደለም።

ቡናውን በሚመለከት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከአቦል እስከ በረካ ማፍላት ግዴታሽ አይደለም። ቴርሞስ ሻይና ዳቦ አዘጋጅተሽ ጠረጴዛ ላይ ተዪው፣ ማስተናገዱን ለራሱ ስጪው። ስዊድን የኖረ ሰው ሻይ መቅዳት አያቅተውም። አቅሙ ካለው ደግሞ በተመላላሽ የምትሠራ ልጅ ለሁለት ወር እሱ ይቅጠር፤ ይህንንም ባልሽ ነው የሚነግረው። የመመለሻውን ቀን ገና ሲደውል፣ ቲኬቱ ሳይቆረጥ፣ ተነጋገሩበት። ከመጣ በኋላ «መቼ ነው የምትመለሰው?» የሚል ጥያቄ በምንም ድምፅ ቢባል አያምርም።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከስንት ዓመት በኋላ የሁለት ወር ፈቃድ አገኘሁ። ወላጆቼ ከባቲ ወጣ ብሎ ገጠር ናቸው። ዘመድ ሁሉ ከአሁኑ ስልክና ልብስ እያዘዘኝ ነው። ያጠራቀምኩትን ሳልጨርስ እንዴት ልመለስ? (ከሪያድ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የመመለሻ ቪዛሽ የሚያበቃበትን ቀን እዪ፤ ከዚያ ቀን ቀደም ያለ ቲኬት ቁረጪ። ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ትንሽ ቆዪ የሚልሽ አይጠፋም። ቀኑ ካለፈ ግን ሥራሽን የሚመልስልሽ ዘመድ የለም።

ገንዘብሽን ከመነሳትሽ በፊት በራስሽ ስም ባለ ሂሳብ ባንክ አስገቢ፣ ከፊሉንም በጊዜ ገደብ አስቀምጪው። ከተጠየቅሽ «ታስሯል» በይ፣ እውነትም ታስሯል። ለትእዛዙ ሁሉ «እሺ» አትበይ፣ «እምቢ»ም አትበይ፤ ሻንጣው በኪሎ ነው፣ አይችልም በያቸው፣ ይህንን ሁሉም ይረዳዋል። ከሪያድ የምትሸከሚው ለእናትና ለአባትሽ የሚሆነውን ብቻ ይሁን። ሌላውን ባቲ ሰኞ ገበያ ትገዢዋለሽ፤ ለእናትሽ ከሁለት ብርድ ልብስ ይልቅ የምትታለብ ፍየል ትጠቅማታለች፣ አባትሽን ይዘሽ ሂጂና እሱ ይምረጣት። ዋጋውንም እሱ ይከራከር፤ ከዓረብ አገር መምጣትሽን ነጋዴው ካወቀ ፍየሏ በሬ ትሆናለች።