ሃኒሳክል ቅጠል ብቻ እያበዛ አላብብ ሲል

በቨርጂኒያ ጓሮዎ የተከሉት ባለቀይ አበባ ሃኒሳክል ሦስት ዓመት ሙሉ ያላበበው፣ እንደ ገለጹት በየዓመቱ የካቲት ላይ አሳጥረው ስለሚቆርጡት ይመስለኛል፤ ይህ ሐረግ በአብዛኛው የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ አበባ የሚይዘው ክፍል አብሮ ይወገዳል።

ስለዚህ ዘንድሮ መቀሱን ያቆዩትና፣ የመጀመሪያው አበባ ከረገፈ በኋላ ብቻ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ያሳሱ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ለሣሩ የሚበትኑት ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ወደ ሥሩ አይድረስ፤ ቅጠሉን ያፋፋል እንጂ አበባ አያመጣም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ነጭ ሆኖ ፈክቶ ወደ ቢጫ የሚለወጠውን፣ ሽታው የሚማርከውን የጃፓን ዝርያ በምትኩ እንዳይተክሉ። እኔ ለሽታው ብዬ ተክዬው አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቴን ለጋ ዛፍ ተጠምጥሞ አንቆት፣ ግንዱ ላይ ገመድ የበላው የሚመስል ጠባሳ ትቶበታል፤ መሬት የነካው ሐረግ ሁሉ ሥር ስለሚሰድም ነቅሎ መጨረስ እጅግ አድካሚ ነው።