ቀለም አልገባው ያለው ልጅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ታላቋ 6ኛ ክፍል ናት፤ ከ3ኛ በታች ወጥታ አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ 10 ዓመቱ ነው፣ 4ኛ ክፍል። በመጀመሪያው መንፈቅ ከ58 ልጅ 47ኛ ወጣ። አማቴ «የአጎቱን ራስ ነው የወረሰው» ይላሉ። አጎቱ ማለት ወንድሜ ነው፣ ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ። ባለቤቴ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ «የማሰብ ችሎታ 80 በመቶ በዘር ነው» ሲባል ሰምቶ፣ የአስጠኚውን ብር ለልጅቷ ብቻ እናድርገው እያለ ነው። ልጁ እኮ ሱቅ ስልከው መልስ አይሳሳትም። ደብተሩን ሳይ ግን ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ጥያቄ ራሱ አሳስቶ ነው የሚገለብጠው፤ 8ቱን 3 ያደርገዋል። እውነት በዘር ነው? ብሩንስ እናቁም?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያቆመችኝ ያቺ 8ን 3 ያደረገች መስመር ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የባልሽን 80 በመቶ እንጨርስ።

ቁጥሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ቶማስ ቡሻርድ የሚባል ሰው ተለያይተው ያደጉ መንታዎችን ማሰባሰብ ጀመረ። ከአንድ እንቁላል የወጡ፣ በተለያየ ቤት ያደጉ ሰዎች ናቸው። በ1990 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በአይ ኪው (የማሰብ ችሎታን በሚለካ) ፈተና ከሚታየው ልዩነት 70 በመቶ ያህሉ በዘር እንደሚመጣ ገመተ። ሌሎች ጥናቶች ወደ 50 ያወርዱታል። ከዕድሜ ጋርም ይለወጣል። ወደ 11,000 ጥንድ መንታዎች የታዩበት አንድ ትልቅ ጥናት በ9 ዓመት 41 በመቶ፣ በ12 ዓመት 55፣ በ17 ዓመት 66 ሆኖ አገኘው። ያንቺ ልጅ 10 ዓመቱ ነው። ስለዚህ 80 የሚለው ለእሱ ዕድሜ ከመነሻውም አይሆንም። ደግሞም እነዚህ ቁጥሮች የመጡት በአብዛኛው ከሀብታም አገሮች ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ግን ቁጥሩን በአንድ ልጅ ላይ መጫን ነው። የልጅሽን ክፍል አስቢ። 58ቱም ልጆች እኩል በልተው፣ እኩል ተኝተው፣ አንድ ዓይነት ቤት አድገው ቢሆን ኖሮ፣ በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት ከሞላ ጎደል በዘር የመጣ ይሆን ነበር። ያኔ ቁጥሩ ወደ 100 ይጠጋል። ግማሾቹ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ከሆነ ግን ቁጥሩ ይወርዳል፣ የማንም ዘር ሳይለወጥ። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ከአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ይህን ያህሉ ከአጎቱ ነው የሚል ነገር የለውም። ኤሪክ ተርክሃይመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። በደሃ ቤተሰብ ባደጉ የ7 ዓመት ልጆች የዘር ድርሻ ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ በሀብታሞቹ ደግሞ ከፍ አለ። አውሮፓ ውስጥ ሲደገም እንደዚያ አልወጣም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ከኑሯችን የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ግን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ዘር ምንም አያደርግም ብዬ ላጽናናሽ አልፈልግም። ያደርጋል። እህቱና እሱ ከአንድ እናትና አባት ቢወለዱም የደረሳቸው አንድ አይደለም። ከእናት ግማሽ፣ ከአባት ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ካርታ እንደገና ተበውዞ ነው የሚታደለው። አማትሽ እንደሚሉት ግን የአንድ ሰው «ራስ» ሙሉውን ተጠቅልሎ አይወረስም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት 1.1 ሚሊዮን ሰዎችን መርምሮ፣ ከትምህርት ደረጃ ጋር የተያያዙ ከ1,200 በላይ የዘረመል ቦታዎች አገኘ። የእያንዳንዳቸው ጉልበት ኢምንት ነው። ከመረጃው የተሠራው ድምር ነጥብ እንኳ ከልዩነቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ነው የሚያስረዳው፤ ያውም በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ። ከዚህ ተነስቶ ኮምቦልቻ ላለ የ10 ዓመት ልጅ የሚፈርድ ሰው የለም፤ አጎቱን አይቶም አይቻልም።

አሁን ወደ 8ና 3።

በ1979 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ገና ጀማሪ መምህር ነበርኩ። 7ኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ ነበረኝ፣ በ77ቱ ድርቅ ከገጠር ከአያቱ ጋር ተሰዶ የመጣ። ቁመቱ ረጅም ስለነበር የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ከ60 ልጅ 54ኛ ወጣ። አያቱ ሊጠይቁኝ ሲመጡ «እማማ፣ ይሄ ልጅ ቀለም አይገባውም፤ ሙያ ቢያስለምዱት ይሻላል» አልኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምንም ሳይመልሱ ወጡ። በዓመቱ አጋማሽ ነርስ መጥታ የዓይን ምርመራ ስታደርግ ልጁ ከሰንጠረዡ ሁለተኛውን መስመር ማንበብ አቃተው። ለካ ያን ግማሽ ዓመት ሙሉ የእኔን ጽሑፍ አይቶት አያውቅም። መነጽር እስኪገኝ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። በዓመቱ መጨረሻ 20ኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሚኒስትሪውን አለፈ። 1ኛ ወጥቶ አያውቅም፣ የክፍሉ ጎበዝም አልነበረም። ግን ለእሳቸው የተናገርኩት ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል። አያቱ ቤት ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ያንቺ ልጅ ሱቅ ሲላክ መልስ አይሳሳትም። በጆሮው የሰማውን ሒሳብ ይሠራል። የሚሳሳተው ከሩቅ ያየውን ሲገለብጥ ነው። ሐኪም አይደለሁምና ዓይኑ ነው ብዬ አልምልም። ግን ከአስጠኚውም፣ ከዘሩም ክርክር በፊት ዓይኑን አስመርምሪው። ኮምቦልቻ ካልተመቸሽ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ፣ ወይም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል መሄድ ትችያለሽ። በዚያው ጆሮውንና የደም ማነሱንም ይዩልሽ። እስከዚያ መምህሩን ለምኚና ፊት ያስቀምጡት።

ሌላም አለ፣ ጨውሽ። የምንበላው ጨው በአብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው። አንጎል እንዲያድግ የሚያስፈልገው አዮዲን ግን ካልተጨመረበት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ደንብም እንዲጨመርበት ያስገድዳል። አዮዲን በጣም በሚያንስባቸው አካባቢዎችና በማያንስባቸው መካከል እስከ 13 የአይ ኪው ነጥብ የሚደርስ ልዩነት ተለክቷል። እንቅርት ስናይ አንገቱን ብቻ እናያለን፤ ጉዳቱ ግን ከእርግዝና ጀምሮ አንጎል ላይ ነው። በእርግዝና ያመለጠው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሆኖም አልባኒያ ውስጥ አዮዲን ያነሳቸው ከ10 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ሲሰጣቸው በአንዳንድ የማሰብ ፈተናዎች ተሻሽለዋል። ስለዚህ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ፀሐይ አይንካው። ወጡ ላይ ስታወርጂ ጨምሪው፤ ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ ከገባ አዮዲኑ በእሳቱ ይባክናል።

ብሩን አታቁሙ። ዓይኑ ታይቶ እስኪታወቅ አስጠኚው የሰሌዳውን ጥያቄ በቃሉ ያንብብለት፣ እሱ ይሥራ። ለባልሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ለአማትሽም፣ በአክብሮት፣ ልጁ በሌለበት ንገሪያቸው። ስለ አጎቱ ራስ የሚባለውን እሱም እየሰማ ነውና።